የጠመንጃ ክርክርን ሳይፋጁ መምራት

ለአስራ አንድ ዓመት የወጣቶች የክርክር ክበብ መርቻለሁ። በየዓመቱ የማይቀር አንድ ርዕስ አለ፤ የጦር መሣሪያ ቁጥጥር። በየዓመቱ የማይቀር አንድ ነገርም አለ። ይህ ርዕስ በተነሳ ቀን አንድ ሰው በሩን ድርግም አድርጎ ይወጣል። መጀመሪያ ላይ ጥፋቱ የልጆቹ ይመስለኝ ነበር። ቆይቶ ሲገባኝ ጥፋቱ የኔ ነው። ክርክሩን የምከፍትበት ጥያቄ የተበላሸ ነበር።

«ችግሩ ጠመንጃው ነው ወይስ ሰውዬው?» ብዬ ነበር የምከፍተው።

«ወይስ» የምትለዋ ቃል ናት ጉድ የምትሠራው። ግማሹ ጠመንጃውን ይዞ ይቆማል፤ ግማሹ ሰውዬውን። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጩኸት ብቻ ነው። በክፍል ውስጥ፣ በክበብ ወይም በዘመድ መሀል ይህን ክርክር መምራት የሚገጥማችሁ ከሆነ፣ ብዙ በር ከተዘጋብኝ በኋላ የደረስኩበትን አሠራር ልንገራችሁ።

ከሰው በፊት ሰሌዳው ይናገር

ማንም አፉን ሳይከፍት ሰሌዳው ላይ ሁለት ቃል ጻፉ፦ «የትኛው ሞት?»

ከዚያ ለሁሉም ቁራጭ ወረቀት አድሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) «በአሜሪካ በ2021 በጥይት የሞተው ሰው 48,830 ነው። ከፋፍሉት» በሏቸው። ስንቱ በጅምላ ግድያ? ስንቱ በተናጠል ተገድሎ? ስንቱ በድንገተኛ አደጋ? ስንቱ በገዛ እጁ? አሜሪካን የምመርጠው ስለምወዳት ወይም ስለምጠላት አይደለም። በ2017 በዓለም ዙሪያ በሲቪል ሰው እጅ አለ ተብሎ ከተገመተው 857 ሚሊዮን መሣሪያ ውስጥ 393 ሚሊዮኑ እዚያ ነው። ክርክሩ የሚጦፈውም፣ መዝገቡ የሚገኘውም እዚያ ነው።

ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ጅምላ ግድያው ሁሌ ይገዝፋል። «ግማሹ» ብሎ የጻፈ ሁሉ አጋጥሞኛል። ከዚያ እውነተኛውን ቁጥር እጽፋለሁ። 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። 20,958ቱ የተገደሉ ናቸው። የቀረው በአደጋ የሞተ፣ በፖሊስ የተተኮሰበትና አሟሟቱ ያልተለየ ነው። ዜናውን የሚሞላው ጅምላ ግድያ በየትኛውም አቆጣጠር ከጠቅላላው ጥቂት እጅ ብቻ ነው።

ክፍሉ ጸጥ ይላል። ያቺን ጸጥታ አትቸኩሉባት።

ከዚህ በኋላ «ቁጥጥር አይሠራም!» ወይም «ቁጥጥር ይሠራል!» ብሎ የሚነሳ አይጠፋም። መልሳችሁ አጭር ነው፦ ለየትኛው ሞት? እዚያው አሜሪካ ከ1994 እስከ 2004 የጦር ሜዳ ዓይነት የሚመስሉ አንዳንድ ጠመንጃዎች ታግደው ነበር። ብዙ ጉሮሮ የደረቀው በዚያ እገዳ ላይ ነው። አብዛኛው ግድያ የሚፈጸመው ግን በሽጉጥ ነው። ሁለቱም ወገን ዓይኑን የተከለው ሌላ ቦታ ላይ ነበር ማለት ይቻላል። ሚስቱን የሚገድል ባል፣ መንገድ ላይ የተጣሉ ሁለት ጎረምሶች፣ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ፣ መሳቢያ ውስጥ ሽጉጥ ያገኘ ሕፃን። አራት የተለያዩ በሮች ናቸው። የአንዱ ቁልፍ ሌላውን አይከፍትም።

ሰሌዳውን ለሁለት ክፈሉት

በግራ «ለምን ፈለገ?» ብላችሁ ጻፉ። በቀኝ «እንዴት ቻለ?» ብላችሁ ጻፉ። የሚነገረው ነገር ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ ሥር ይገባል። ቂም፣ ድህነት፣ መጠጥ፣ ውርደት፣ ሕመም በግራ። የፈቃድ አሰጣጥ፣ የጥይት ብዛት፣ ያልተቆለፈ ቁም ሣጥን በቀኝ። አንድ ሕግ አለኝ፣ አልደራደርበትም። በግራው ዓምድ መልስ የቀኙን ጥያቄ መጣል አይቻልም። በቀኙም የግራውን። «ሰውዬው በሽተኛ ነበር» ማለት «ታዲያ መሣሪያውን ከየት አመጣው?» ለሚለው መልስ አይሆንም። «መሣሪያ ስለነበረው ነው» ማለትም «ለምን ሕፃናት ላይ?» ለሚለው መልስ አይሆንም።

አንድ ጎበዝ ልጅ ነበረኝ። ታህሣሥ ወር ውስጥ የሆኑ ሁለት ታሪኮችን ይዞ መጣ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዲሴምበር 14 ቀን 2012 ቻይና፣ ሄናን ግዛት ውስጥ አንድ ሰው በቢላ ትምህርት ቤት ገብቶ ከሃያ በላይ ሕፃናትን ወጋ። አንድም አልሞተም። በዚያው ዕለት አሜሪካ፣ ኮኔቲከት ውስጥ ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት በጠመንጃ 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ተገደሉ። ልጁ ይህን ተናግሮ ሲቀመጥ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ፤ አልዋሽም።

በሳምንቱ የተቃዋሚው ወገን ተዘጋጅቶ መጣ። በ2014 ቻይና ኩንሚንግ ባቡር ጣቢያ በስለት 31 ሰው ተገድሏል። በ2016 ጃፓን ሳጋሚሃራ አንድ ሰው በቢላ ብቻ 19 ሰው ገድሏል። በ2022 የቀድሞው የጃፓን ጠቅላይ ሚኒስትር ሺንዞ አቤ እቤት በተሠራ መሣሪያ ተገደሉ፤ ያውም መሣሪያ ማግኘት ከባድ ከሆነባቸው አገሮች በአንዱ። ጭብጨባው አሁን ወደዚያኛው ዞረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት ደንብ አለ። አንድ ታሪክ ጥያቄ ይከፍታል እንጂ ጥያቄ አይዘጋም። ታሪክ ያመጣ ሰው ቀጥሎ ብዙ ታሪኮችን አንድ ላይ የቆጠረ ሰው ምን እንዳገኘ መንገር አለበት። እዚህ ላይ የአሜሪካዊውን የሕግ ምሁር የፍራንክሊን ዚምሪንግን የ1968 ሥራ አመጣለሁ። የቺካጎን የፖሊስ መዝገብ አገላብጦ በጠመንጃና በቢላ የተፈጸሙ ጥቃቶችን አነጻጸረ። አብዛኛው ቀድሞ የታሰበበት ግድያ አልነበረም። ጠብ ነው፣ ስካር ነው፣ ንዴት ነው። በጥይት የተመታው ሰው ግን በቢላ ከተወጋው በአምስት እጥፍ ገደማ የበለጠ ይሞት ነበር። ጠቡ ያው፣ ሰካራሙ ያው፣ ሬሳው ግን አምስት እጥፍ። ይሄ ከሁለት ትምህርት ቤቶች ታሪክ ይልቅ ክብደት አለው።

ለግራው ዓምድም ፍትሐዊ ሁኑ። በ2015 ኤልሳልቫዶር ውስጥ ከ100 ሺህ ሰው ከ100 በላይ ተገድሏል። በነፍስ ወከፍ ያለው መሣሪያ ግን ከአሜሪካ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነበር። የጠመንጃ ቁጥር ብቻውን የግድያን ቁጥር አይነግራችሁም። ወሮበላ ቡድን፣ የደከመ ፍርድ ቤት፣ የማይታመን ፖሊስ፣ ሁሉም ሂሳብ ውስጥ ይገባል።

ዝም ያለችው ልጅ

በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል። ክርክሩ ጦፎ ሳለ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። ብዙ የማትናገር ልጅ ነች። «የኔ ወንድም በየትኛው ወገን ነው የሚቆጠረው?» አለች። ማንም አልገባውም። «ማንንም አልገደለም። ወንጀለኛ አልነበረም። ራሱን ነው።»

የምለው ጠፋኝ። «የትኛው ሞት?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከሷ ነው። እኔ አላፈለቅሁትም።

ስለዚህ ይህን ክርክር ከመምራታችሁ በፊት አስቀድማችሁ ለሁሉም ንገሩ። ራስን ማጥፋት እንደሚነሳ ይወቁ። ማንም ሳይጠየቅ መውጣት እንደሚችል ይወቅ። አሟሟቱን በዝርዝር የሚተርክ ካለ በትህትና አስቁሙት። ከስብሰባው በኋላም አሥር ደቂቃ እዚያው ቆዩ። ሁሌ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። አንድ ሰው የጨለመበት ከመሰላችሁ በቀጥታ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልበትም። ብቻውን አትተዉት፤ እቤቱ መሣሪያ ካለ ለጊዜው ሌላ ሰው ዘንድ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ ባለሙያ ጋ አድርሱት።

ወደ ክርክሩ ስንመለስ እዚህ ጋ ሁልጊዜ የሚነሳ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። «የቆረጠ ሰው በምንም ብሎ ይሞታል።» እውነት ይመስላል። እኔም አምን ነበር። ግን አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ በድሮ ጊዜ የማብሰያ ጋዝ ከድንጋይ ከሰል ነበር የሚሠራው፤ መርዝ ነበረው። ብዙ ሰው ራሱን የሚያጠፋው በእሱ ነበር። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ መርዙ ቀስ በቀስ ከጋዙ ወጣ። ማንም ራስን ማጥፋትን ለመከላከል ብሎ አልነበረም። በእንግሊዝና በዌልስ በ1963 ራሳቸውን ያጠፉት 5,714 ነበሩ። በ1975 3,693 ሆኑ። ሐዘኑ ከአገሩ አልጠፋም። አብዛኞቹ ግን ሌላ መንገድ አልፈለጉም።

ሌላም አለ። ሪቻርድ ሳይደን የሚባል ተመራማሪ ከሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ ሊዘሉ ሲሉ የተያዙ 515 ሰዎችን ዱካ ተከተለ። ከ1937 እስከ 1971 የተያዙ ናቸው። ከመቶው 94 ያህሉ ወይ በሕይወት ነበሩ፣ ወይ በተፈጥሮ ሞት ነበር የሞቱት። የእስራኤል ጦር ደግሞ በ2006 ወታደሮች ለሰንበት ወደ ቤት ሲሄዱ ጠመንጃቸውን የጦር ሰፈሩ ውስጥ ትተው እንዲሄዱ አደረገ። በወታደሮቹ መሀል ራስን ማጥፋት በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ትእዛዙ የማንንም ልብ አልጠገነም። ያቺን ሌሊት ግን አሳለፈ። የጠመንጃ ክፋቱ ለመጸጸቻ ጊዜ አለመስጠቱ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የቀኙ ዓምድ ነው። ሥሩን ሳይነካ ሰው አድኗል።

ስለ ሥሩ ለማውራት ኳስ አምጡ

«ሥሩ ላይ መሥራት አለብን» የሚለው ንግግር ደስ ይላል። ማንም አይቃወመውም። እንደታዘብኩት ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምንም ላለመሥራት ነው። ስለዚህ ሥር የሚል ተከራካሪ ሲነሳ «የትኛው ሥር? ነገ ጠዋት ምን ይደረግበታል?» በሉት። (ቪዲዮ ጌም ካለ ቶሎ እለፉት። ጃፓኖችም ሌት ተቀን ይጫወታሉ።)

ከማውራት ይልቅ የሚያሳይ ጨዋታ አለ። ቺካጎ ውስጥ ቢካሚንግ ኤ ማን የተባለ የጎረምሶች ፕሮግራም የሚጠቀምበት ነው። ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አቁሟቸው። ለአንዱ ኳስ ስጡት። ለሌላው «በ30 ሴኮንድ ኳሱን ከእጁ አውጣ» በሉት። ትግል ይጀመራል። ጣት ይጠመዘዛል፣ ወንበር ይወድቃል። እኔ ጋ አንዴ መነጽር ተሰብሯል። ሰዓቱ ሲያልቅ ጠይቋቸው፦ «እባክህ ስጠኝ ብሎ የጠየቀ አለ?» በአስራ አንድ ዓመት ሁለት ሰው ብቻ ነው ያየሁት። ኳሱን የያዘውን «ቢጠይቅህ ትሰጠው ነበር?» በሉት። «አዎ፣ ለኳስ ምን አጣላኝ?» ይላል።

ፕሮግራሙ በቁጥር ተፈትኗል። በ2009 እና 2010 የትምህርት ዓመት ወደ 2,700 የሚጠጉ ተማሪዎች በዕጣ ተመደቡ። ፕሮግራሙ በሚሰጥበት ጊዜ በኃይል ወንጀል መታሰር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሲያቆም ግን ውጤቱም ደበዘዘ። ሁለቱንም ንገሯቸው። ሁለተኛውን የሚደብቅ አሰልጣኝ አያሰለጥን።

ከኳሱ በታች ያለው ነገር ምንድነው? ጄምስ ጊሊጋን የተባለው የእስር ቤት ሐኪም በማሳቹሴትስ እስር ቤቶች ከገዳዮች ጋር ዓመታት ቁጭ ብሎ አውርቷል። ለምን አጠቃህ ሲላቸው የሚመጣው መልስ ተመሳሳይ ነበር፤ ናቀኝ፣ አዋረደኝ። የእሱ ድምዳሜ የኃይል ሥሩ እፍረት ነው የሚል ነው። ድህነት የሚገድለው ኪስ ስላራቆተ ብቻ ሳይሆን አንገት ስላስደፋ ነው እንደማለት ነው። እኔ በዚህ አምናለሁ። ግን ሁሉንም አይገልጥም፤ ተዋርዶ ማንንም ያልነካ ሰው ስንት አለ!

ሥር የሚባለው ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ጥልቅ አይደለም። ፊላደልፊያ ውስጥ 541 ባዶ ቦታዎች ተመረጡ። ቆሻሻ የሞላባቸው፣ ባለቤት የሌላቸው የሚመስሉ ቦታዎች ናቸው። በዕጣ ከፋፍለው የተወሰኑትን አጸዱ፣ ሣር ተከሉባቸው፣ አጭር የእንጨት አጥር አደረጉላቸው። በደሃ ሰፈሮቹ የተኩስ ጥቃት በ29 በመቶ ወረደ። ውጤቱ በ2018 ወጣ። ሣር ነው እኮ! ይህን ስነግራቸው የማይስቅ ተማሪ የለም።

ትልልቅ ቁጥር ሲመጣ

አንዱ ወገን «በዓመት 2.5 ሚሊዮን ሰው በመሣሪያ ራሱን ይከላከላል» ማለቱ አይቀርም። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም። አሜሪካ ውስጥ ወደ 5,000 ሰው በስልክ ተጠይቆ በ1995 የታተመ ጥናት ነው። አዎ ያለው ከመቶ አንድ ነጥብ ምናምን ሰው ነው። ይህ በመላው የአገሩ አዋቂ ሲባዛ ነው ሚሊዮን የሆነው። ሰሌዳ ላይ አባዙላቸው። ከመቶ ሰው አንዱ ጊዜውን ቢያሳስት ወይም ትንሽ ቢያጋንን ብቻ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከምንም ይፈጠራል። የመንግሥቱ የወንጀል ሰለባዎች ጥናት የሚሰጠው ደግሞ ከዚህ በብዙ ያነሰ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነው። እሱም ጉድለት አለው፤ ስለ መከላከል የሚጠይቀው ወንጀል ደረሰብኝ ያለውን ብቻ ነው።

ሌላው ወገን አውስትራሊያን ያመጣል። በ1996 ፖርት አርተር ላይ 35 ሰው ተገደለ። መንግሥት ሕጉን አጠበቀ፣ ወደ 650,000 መሣሪያ ገዝቶ አወደመ። ከዚያ በኋላ በጥይት የሚሞተው ሰው ቀነሰ። እውነት ነው። ግን ከዚያ በፊትም እየቀነሰ ነበር፤ ምን ያህሉ የሕጉ ውጤት ነው በሚለው ላይ ሊቃውንቱ እስካሁን ይከራከራሉ። ደግሞ ሕጉ መግዛትና ማውደም ብቻ አይደለም። ምዝገባ አለው፣ ፈቃድ አለው፣ 28 ቀን መጠበቅ አለው፣ አጥጋቢ ምክንያት ማቅረብ አለው። ራስን መከላከል እንደ ምክንያት አይቆጠርም። አውስትራሊያ ብሎ የጀመረ ሰው የቱን ክፍል ማለቱ እንደሆነ ይናገር።

በአጠቃላይ «ቁጥጥር» የሚለውን ቃል ብቻውን እንዳትቀበሉ። ዝርዝር ይዘው ይምጡ። የኋላ ታሪክ ማጣራት ነው? የዕድሜ ገደብ? ቆልፎ ማስቀመጥ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 መሣሪያ መያዝ የግለሰብ መብት ነው ብሎ ፈረደ። ያው ፍርድ ቤት በ2024 በቤት ውስጥ ጥቃት የእገዳ ትእዛዝ የወጣበት ሰው መሣሪያ እንዳይይዝ መከልከል ይቻላል አለ፤ በ8 ለ1። መብት ነው ያሉትና ይገደብ ያሉት እዚያው አንድ ወንበር ላይ ናቸው።

ጋሼን የጋበዝኩ ዕለት

የእናቴ ወንድም ዕድሜ ልካቸውን አዳኝ ናቸው። ቁጥጥር ሲባል ፊታቸው ይቀየራል። ባለፈው ዓመት ወደ ክበባችን ጋበዝኳቸው። እንደሚጣሉ እርግጠኛ ነበርኩ።

አንድ ተማሪ ገና ከመቀመጣቸው «ጠመንጃ ያስፈለገዎት ፈሪ ስለሆኑ አይደለም?» አላቸው። አዳራሹ ሳቀ። ጋሼ ለመነሳት ወንበራቸውን ገፉ። ከጊሊጋን ያነበብኩትን ያን ጊዜ በዓይኔ አየሁት። ክርክሩን ሁሌ የሚያፈነዳው ይህች ሳቅ ናት። ሐሳብ ለሐሳብ ሲጋጭ በር አይዘጋም፤ ሰው ሲዋረድ ነው። ስለዚህ በዚህ ርዕስ ላይ አንድ ሰው በሰው ላይ ሲስቅ ክርክሩን አቁሙ። ሰዓቱ ይጥፋ፣ ግድ የለም። ልጁን ይቅርታ አስጠየቅኩት። ጋሼ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ስማ ልጄ፣ ከፈቃድ ጋር ጠብ የለኝም» አሉት። «እኔ ፈቃድ አለኝ። ቆልፌ ነው የማስቀምጠው። ጠቤ እንደ ወንጀለኛ ከሚያየኝ ሰው ጋር ነው።» ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ አወሩ። ስለ ጋዙ ስናወራ ጋሼ ዝም ብለው ነበር የሰሙት። ባለቤታቸው ካረፉ ገና አንድ ዓመት አልሞላም ነበር።

መጨረሻ ላይ ድምፅ አላሰጥም። ድምፅ አሸናፊና ተሸናፊ ይፈጥራል፤ ተሸናፊው ቂም ይዞ ይሄዳል። በምትኩ ወረቀት አድላለሁ። ስም አይጻፍም። ከመግባታቸው በፊት ያላሰቡትን አንድ ነገር ብቻ ይጽፋሉ። ብዙው ተራ ነው። አንዳንዱ ይቀልዳል። የጋሼን ወረቀት ግን በእጅ ጽሑፋቸው አወቅኩት፤ ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። «ቁም ሣጥኑን የቆለፍኩት ከልጆች ነው» ይላል። «ቁልፉን ለማን እንደምሰጥ ግን አስቤ አላውቅም።»

በማግስቱ ደውዬ እኔ ጋ እንዲያስቀምጡት ጠየቅኳቸው። «ጠይቀህ ነው የምትወስደው?» አሉ። ሳቁ። ቁልፉ አሁን እኔ ጋ ነው።